አብሮ የማያረጅ ሕመም

«አይነገራቸውም» አለ ደባሱ። «ስሙን ካፋችን ያወጣን ዕለት ነው የምንቀብራቸው።»

የሚያናግራት የወንድሙን ሚስት፣ የንጋትን እናት አዛለችን ነበር። ሁለቱም ከቤቱ ውጭ፣ በድንጋዩ ደረጃ ግርጌ ቆመዋል። ንጋት ላይኛው ክፍል መደቡ ላይ ተጋድማ ትሰማለች። ቤቱ እንደ ድሮዎቹ የላሊበላ ቤቶች ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከታች በቅሎዋ ታድራለች፣ ከላይ ሰው ይኖራል። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ውፍረት ቢኖረውም በሩ ገርበብ ካለ ታች የተነገረ ሁሉ ላይ ይሰማል። ሰማዩ ገና መገርጣት መጀመሩ ነው። አባቷ አቶ ከፋለ እንደ ልማዳቸው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ወጥተዋል፤ ሲመለሱ በቅሎዋን ጭነው፣ በኤርትራው ጦርነት ምክንያት ፈረንጅ በጠፋበት በዚህ ግንቦት እንደ ዕድል የተገኙ ባልና ሚስት ይዘው ወደ አሸተን ማርያም ሊወጡ ነው።

«ሽማግሌ ጠርቻለሁ» ሲል ቀጠለ ደባሱ። «አባ ወልደ ሰንበትን፣ አቶ አዝመራውንና የዕድሩን ዳኛ። አሁን ይመጣሉ። ሌላ ሰዓት ወንድም ጋሼ እቤት አይገኙማ። አዲስ አበባ ሄደህ ታከም ይሏቸዋል፤ ለሽማግሌ ደግሞ እምቢ ብለው አያውቁም።»

«ለምን ቢሉስ?»

«ለጨጓራ። እዚህ አገር ጨጓራዬን ያላለ ማን አለ?»

«ሽማግሌውስ ያውቃል?»

«ከአባ በቀር የሚያውቅ የለም። ለሁለቱ ‹አያ ከፋለ ቤት ብርቱ ጉዳይ ስላለ በጠዋት ድረሱ› ነው ያልኳቸው።»

ንጋት የእናቷን ዝምታ ታውቀዋለች። ከትናንት ወዲያ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥታ፣ እናቷንና አጎቷን ማድቤት አስገብታ ሐኪሙ ያላትን ስትነግራቸውም እናቷ እንዲሁ ዝም ብላ ጋቢ ስትቋጭ ነበር። ጋቢው የይታገሱ ነው፤ ግንባር ላለው የንጋት ታናሽ ወንድም እናትየው ራሷ ፈትላ፣ ሸማኔው ሸዕባን ሸምኖት፣ አሁን የቀረው ጫፉን መቋጨት ብቻ ነው። አንደኛው ጫፍ አልቋል። ሌላው ላይ ክሩ እንደ ፀጉር ተንጠልጥሏል። ያን ዕለት እናቷ ዐይኗን ከክሩ ሳታነሳ «ስሙን ደግመሽ አትጥሪው» ብቻ ነበር ያለቻት።

ሐኪሙ ያለው ግልጽ ነበር። ባለፈው ወር አባቷን አዲስ አበባ ወስዳ ቱቦ ባስዋጠቻቸው ጊዜ ከጨጓራቸው የተቆነጠረው ሥጋ ካንሰር አለው፤ እሱ ግን ገና ከጨጓራው ግድግዳ አልፎ አልሄደም። በዚህ ሳምንት ከመጡ ይከፍታቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ለሁለት ወር አገር ውስጥ የለም። «ሁለት ወር ደግሞ ብዙ ነው» ብሏት ነበር። አንድ ነገር ጨመረ፦ ራሳቸው ዐውቀው፣ ፈቅደው ካልመጡ ቢላዋ አያነሳም። አባቷ ያኔ ሆድ ስለመክፈት ገና ጫፉን ስታነሳ ሳቅ ብለው «ለጨጓራ ተብሎ ሆድ ይቀደዳል እንዴ? ገብስ ቆሎውን እተዋለሁ፣ አለቀ» ብለዋት ነበር። ዛሬ ረፋድ ላይ አውሮፕላን አለ። ደባሱ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚጠብቅበት ሆቴል መኪናውን አየር ማረፊያ ድረስ ሊሰጠው ተስማምቷል። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል፤ የሚሄዱት ሰውዬ ብቻ አልሰሙም።

ተነስታ ነጠላዋን ደረበችና ደረጃውን ወረደች። ደባሱ አያትና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ ደባሱ፣ እኔ ልንገራቸው» አለች።

«አንቺ ተምረሻል፣ እሺ። የተማረ ሰው ግን አባቱን በአፉ አይገድልም። ሰው ይህን ስም ከሰማ ወዲያ እህል ያስጠላዋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አላየሁም መሰለሽ? የሆቴላችን ዘበኛ በሳምንቱ ነው የሞተ።»

«ሳይነገራቸው እኮ አይሄዱም።»

«በሽማግሌ ይሄዳሉ።»

እናቷ ጋቢውን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ማድቤት ገባች፤ ለማንኛቸውም አላገዘችም።

አቶ ከፋለ ከተሳለሙበት ሲመለሱ ንጋት ከታችኛው ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ከስተዋል። አንገታቸው ከኮታቸው ኮሌታ ውስጥ ልክ እንደሌላ ሰው አንገት ወጥቷል። ቀበቶአቸው ላይ በሚስማር የበሷቸው ሁለት አዳዲስ ቀዳዶች አሉ፤ ስለ ቀዳዶቹ በዚህ ቤት ማንም ተናግሮ አያውቅም። ዳማን፣ በቅሎዋን፣ አውጥተው ጀርባዋን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ኮርቻውን ጣሉባት። መቀነቱን ሲያጠብቁ አንዴ ቆም አሉና ግንባራቸውን ኮርቻው ላይ አስደገፉ። በቅሎዋ እንኳ የለመደችው ይመስል ሳትነቃነቅ ጠበቀቻቸው።

«አመመዎ?»

«ኧረ ምንም። እኔና ጨጓራዬ አብረን አርጅተናል፣ ንጋቴ። ያረጀ ነገር ጥርስ የለውም፤ ያስፈራራል እንጂ አይነክስም።» ቀና ብለው ሳቁ። «ፍላቂት ገበያ ላይ የገብስ ዋጋ እንደገና ወጣ አሉ። ጦርነቱ ነው። እነዚህ ፈረንጆች ግን ደጎች ናቸው፤ ሴትዮዋ ትናንት ለዳማ ስኳር አበላቻት። ዳማ ዛሬ ወደ አሸተን አልወጣም ብትለኝ የምከስሰው ሴትዮዋን ነው።»

ንጋት መሳቅ አልቻለችም። ያረጀ ነገር፣ አሉ። እሷ ግን ያላረጀውን በዐይኗ አይታዋለች። መምህሯ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የጨጓራ ካንሰርን ያጠናሉ፤ ንጋት የላቦራቶሪ ረዳታቸው ናት። የሚፈልጉት ቴሎመሬዝ የሚባለውን ነገር ነው። ከጤነኛ ጨጓራ የተቆነጠረ ሥጋ ሲፈተሽ ውጤቱ የሚታተምበት ፊልም ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከታመመው ሲሆን ግን እንደ መሰላል እርከን አንዱ ከሌላው በላይ የተደረደሩ ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ። ለበሽታው ስም የሰጠው በማይክሮስኮፕ ያየው ሐኪም ነው፤ የእነሱ ፊልም ለጥናት እንጂ ለሕክምና ገና አልበቃም። መምህሯ «የአባትሽን ለሌላ ልስጠው» ቢሏትም እምቢ ብላ ራሷ ሠራችው። ፊልሙን ወደ ብርሃን ስታነሳ መሰላሉ ከታች እስከ ላይ አንድም እርከን ሳይጎድለው ወጣ። ያን ጊዜ አላለቀሰችም። ያን ጊዜ የታያት አባቷ ሳይሆኑ፣ የማይደክም አንድ ሠራተኛ ነበር።

«አባዬ» አለች። «አንድ ነገር ልነግርዎ—»

«እነማን ናቸው እነዚያ?»

ከታች በኩል፣ ከወይራው ዛፍ አጠገብ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ሽማግሌዎቹ እየመጡ ነበር። አባ ወልደ ሰንበት ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው ከፊት፣ የንስሐ አባታቸው ናቸውና፤ አቶ አዝመራውና የዕድሩ ዳኛ ከኋላ። አይነጋገሩም። አንገታቸውን ደፍተው፣ በጠባቡ መንገድ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ ነው የሚመጡት። ከእነሱ ራቅ ብሎ ደባሱ ይከተላል። ንጋት መጀመሪያ ያየችው የአባቷን እጅ ነው፤ መቀነቱ ላይ እንደነበረ ደርቆ ቀረ። ወዲያውም የሚያዩትን አየች። ልጁ ግንባር ያለበት ቤት። ጎህ ሲቀድ። ቄስ፣ የዕድር ዳኛ፣ ጎረቤት፣ ድምፅ ሳያሰሙ። በላስታ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው።

ደባሱ ይህን ለምን አላሰበውም? እሷስ ለምን አላሰበችውም? ሰዓቱ የተመረጠው አባቷ እቤት የሚገኙበት ስለሆነ ብቻ ነበር። መርዶም ቢሆን የሚነገረው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው፤ ይህን ግን ሁለቱም አላሰቡትም።

አቶ ከፋለ ለእንግዶቹ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ፣ በእጃቸው ወደ ደረጃው አመለከቱ፣ ራሳቸው ቀድመው ወጡ። ንጋት ተከትላቸው ስትገባ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ከራሳቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አድርገው አገኘቻቸው። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። አቶ አዝመራውም የዕድሩ ዳኛም የተነገራቸው «ብርቱ ጉዳይ» ብቻ ስለነበር እነሱም ልባቸው ያሰበው ሌላ አልነበረም፤ የዕድሩ ዳኛ ዐይን ገና ከመቀመጡ ቀልቷል። አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ደባሱ በሩ ላይ ቆሞ እንዲጀምሩ በዐይኑ ይለምናቸዋል። አባ ግን አልጀመሩም። ውሸቱን ተሸክመው እስከዚህ ደረሱ፣ አፋቸው ግን አልከፈት አለ።

ከውጭ ደረጃውን የሚወጣ እግር ተሰማ። ጎረቤታቸው ብርቅዬ ናት። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ በበሯ ስንጥቅ አይታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ከኋላዋ ሌላ ሴት፣ ከዚያም ሌላ። አልተጠሩም፤ ይህ ግን ጥሪ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። ወደ ውስጥ ሳይገቡ ደረጃው ላይ ተራ በተራ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጩኸት ከቤቱ ባለቤት እንዲነሳ ይጠብቃሉ።

አዛለች ከማድቤት መጥታ በሴቶቹ መካከል አልፋ ገባች። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደተጠሩ ከደባሱ አፍ የሰማች እሷ ነበረች። ቢሆንም የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች ስታይ ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ወደ ደባሱ ዞረች።

«ደባሱ፣ ለእኔም ነው የዋሸኸኝ?»

«ምኑን?»

«የጨጓራውን ነገር። ለእኔም መሸፈኛ ነው?»

«ኧረ በማርያም፣ እታለም—»

«ይታገሱዬን ነው?»

ደባሱ መሐላውን ደገመው፣ መሐላው ግን በዚህ ሰዓት ዋጋ አልነበረውም። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ይምላል፤ ዝም ብለን ሰላም ልንል ነው የመጣነው፣ ከብት ጠፍቶብን ነው፣ ይላል። እንግዶቹ ተቀምጠው፣ የቤቱ ሰዎች ትንሽ ጎርሰው እስኪበረቱ ድረስ የሚዋሸው ውሸት የወግ ነው። አቶ ከፋለ ያን ውሸት ስንት ቤት ገብተው እንደዋሹ ንጋት ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ከዚህ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ እሳቸው ነበሩ ‹በቅሎዬን ፈልጌ ነው› ያሉት።

«አያ ከፋለ» አሉ በመጨረሻ አባ። ድምፃቸው ሰለለ። «የመጣነው ስለ ጤናህ ነው። አዲስ አበባ ሂድ ልንልህ…»

አቶ ከፋለ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለወጉ እንደሚገባው በትሕትና። «ይሁን አባ። ገባኝ። የት ቦታ ነው ብቻ ይንገሩኝ። ዛላምበሳ ነው?»

የዕድሩ ዳኛ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ደረጃው ላይ ብርቅዬ ትንፋሿን ስትስብ ተሰማ፤ ሌላ አንድ ቃል ቢጨመር ጩኸቱ ሊነሳ ነው፣ ከተነሳም ከተማው ሁሉ ያነሳዋል፣ የሚመልሰውም የለም።

ንጋት ከመካከላቸው ገብታ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ይታገሱ ደህና ነው። የመጡት ስለ አንቱ ነው።»

«አንቺንም አስተማሩሽ?»

«አልዋሽዎትም። አንቱ ነዎት። ባለፈው ወር ከጨጓራዎ የተቆረጠው ሥጋ ካንሰር አለው። ካወቅሁ ሳምንት ሊሆነኝ ነው።»

ደባሱ «ንጋት» አለ። አባቷ ፊቷን ሲያጠኑ ቆዩ፤ በቅሎ ሊገዙ ጥርስ ከፍተው እንደሚያዩት አድርገው።

«ለመርዶ ትልቅ ውሸት ነው» አሉ። «ደግ ውሸት ነው። ግን በዚህ አትዋሺ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠሩት ይመጣል።»

ያን ጊዜ ገባት። ስሙ ብቻውን እዚህ ቤት ውስጥ ከመሐላ አይበልጥም። እንዲያምኗት ማንም ለማጽናናት ብሎ ሊፈጥረው የማይችለውን ነገር መናገር ነበረባት። ዘወር ብላ እናቷ ብብት ውስጥ ያለውን ጋቢ ሳበችው። አዛለች ለቀቀችላት። ንጋት ጋቢውን አባቷ ጉልበት ላይ ዘርግታ የተቋጨውን ጫፍ በጣቷ ያዘች።

«ሰውነታችን ከጥቃቅን ነገሮች ነው የተሠራው፤ ሴል ነው የምንለው። ጨጓራዎ ውስጥ ያሉት በየጊዜው ያልቃሉ፣ በምትካቸው ሌላ ይወለዳል። አንዱ ለሁለት እየተከፈለ ነው የሚወለደው። እያንዳንዱ ውስጥ እንዲህ የተገመደ ክር አለ። የክሩ ጫፍ እንዳይተረተር ተቋጭቷል፤ ልክ እንደዚህ። ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ግን ቋጩ ትንሽ ያጥራል። ጋቢ በታጠበ ቁጥር ጫፉ እንደሚያልቀው። ቋጩ ሲያልቅ ሴሉ ይበቃኛል ብሎ ይቆማል። ያረጃል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው።»

«ደግ» አሉ አባቷ ቀስ ብለው። ለራሳቸው ነው ያሉት።

«የታመመው ሴል ግን በጤናው ጊዜ ተኝቶ የነበረ አንድ ነገር ይቀሰቅሳል። ቴሎመሬዝ ይባላል። ይሄ ነገር ያጠረውን ቋጭ መልሶ ይቋጫል። ሴሉ ይከፈላል፣ እሱ ይቋጫል። እንደገና ይከፈላል፣ እንደገና ይቋጫል። ስለዚህ ይበቃኛል የሚል የለም። እኔ በላቦራቶሪ የምሠራው ይህን መፈለግ ነው፣ አባዬ። የአንቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ፊልሙ ላይ እንደ መሰላል ሆኖ ወጣ። ጠዋት ‹እኔና ጨጓራዬ አብረን አርጅተናል› አላሉኝም? አላረጀም። አንቱ ያረጃሉ እንጂ እሱ አያረጅም። ቢተዉት አይተኛም፣ ቢጠብቁት አይደክምም። ሐኪሙ ግን ገና ከጨጓራው አልወጣም ብሏል። ዛሬ ከሄድን ቆርጦ ያወጣዋል።»

አቶ ከፋለ የተቋጨውን ጫፍ ይዘው ክሩን ባውራ ጣታቸው ሲያሹት ቆዩ። ከዚያ ወደ አባ ወልደ ሰንበት ቀና አሉ።

«እውነት ነው፣ አባ?»

«እውነት ነው። ዐውቄ ነው የመጣሁት፤ ልነግርህ ግን ድፍረት አጣሁ።»

«ይታገሱን አይደለም?»

«ስለ ይታገሱ የሰማነው የለም።»

«ተመስገን» አሉ አቶ ከፋለ። ትከሻቸው ወረደ። ተነስተው ወደ በሩ ሄዱና ደረጃው ላይ ለተደረደሩት ሴቶች «ነጠላችሁን መልሱ፣ እናቶቼ። ልጄ አልሞተም። የታመምኩ እኔው ነኝ» አሉ። ብርቅዬ አፏን ይዛ «እሰይ» አለች፤ ያለችው ሲገባት ደግሞ ደንግጣ «አይ፣ አያ ከፋለ፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም» ብላ ነጠላዋን ለማስተካከል ስትጣደፍ ጫፉን ረግጣ ልትወድቅ ነበር። አንዲት ሴት ሳቀች። አዛለች ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ በልጇ መትረፍ የመጣው ዕንባና በባሏ መታመም የመጣው ዕንባ ተደባልቆባት፣ በነጠላዋ ጫፍ አንዱን ስትጠርግ ሌላው ይወርዳል።

ደባሱ ሰዓቱን አየ። «መኪናው ሆቴል ቆሟል። እንነሳ፣ ወንድም ጋሼ።»

«አልሄድም» አሉ አቶ ከፋለ።

ወደ መደቡ ተመልሰው ተቀመጡ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ አንድ ነገር አስረክበው የጨረሱ ሰው ድምፅ ነበር።

«ገና እናንተን በመንገዱ ሳያችሁ፣ እጄ መቀነቱ ላይ እንዳለ፣ መድኃኔ ዓለምን ለመንኩት። ልጄን መልስልኝ፣ በእሱ ፈንታ እኔን ውሰድ አልኩ። ደረጃውን ስወጣም ደገምኩት። ይኸው ሰማኝ። እንዲህ ፈጥኖ የተሰማ ጸሎት አይቼ አላውቅም። አሁን ሄጄ ሆዴን አስከፍቼ ብድንስ? የሰጠሁትን ቀማሁት ማለት አይደል? ታዲያ በእኔ ምትክ የሚወሰደው ማነው?»

ደባሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ቁጢጥ አለ፤ ለዚህ የሚሆን ውሸት አልነበረውም። ንጋት ከሁሉ የፈራችው የእናቷን ፊት ነው። አዛለች ማልቀሷን አቁማ ባሏን ታያለች፤ ‹ሂዱ› እንዳትል ልጇ፣ ‹ቅሩ› እንዳትል ባሏ፣ ሁለቱም አፏን ይዘዋታል። አውሮፕላኑ፣ ሐኪሙ፣ አልጋው፣ ሁሉም አንድ ሰው ባንድ ደረጃ ላይ በጸለየው ጸሎት ላይ ቆሙ። ንጋት ጸሎቱን ልትነካው አልደፈረችም። ሊነካ የሚችለው ጊዜው ብቻ እንደሆነ ታያት።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ያስመለሰዎት መቼ ነው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ።»

አሰቡ። «አሸተን መንገድ ላይ። ዳማ ሳትገዛ፣ በቡላዋ በቅሎ ጊዜ።»

«ይታገሱ ያኔ የት ነበር?»

«እዚሁ። ሰባተኛ ክፍል ነበር መሰለኝ። ውኃ ያመጣልኝ እሱ ነው።»

«እንግዲህ ያኔ ጦርነት አልነበረም። እሱም ወታደር አልነበረም። ይህ ሕመም ባንድ ጠዋት አይመጣም፣ አባዬ። ያ ሴል አላረጅም ያለው ከዓመታት በፊት ነው። ዛሬ አንቱ ደረጃውን ሲወጡ እሱ ቀድሞ ውስጥዎ ነበረ። በጸሎትዎ የመጣ አይደለም።»

አቶ ከፋለ ወደ ንስሐ አባታቸው ተመለከቱ። አባ ወልደ ሰንበት ጥምጣማቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ፤ ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ ያገኙ ይመስላሉ።

«ከፋለ፣ አንተ በግ አለህ እንበል። ሌሊት ጅብ ገብቶ ወሰደው። አንተ አላወቅህም። ጠዋት ተነስተህ ‹ያን በግ ለመድኃኔ ዓለም ሰጥቻለሁ› ብትለኝ እኔ ምን እልሃለሁ?»

«…በጉ የታለ ይሉኛል።»

«በጉ የታለ እልሃለሁ። ስለት የሚያዘው ካንተ ዘንድ ባለው ነገር ነው። አንተ የሰጠኸው ጅብ የያዘውን ነው። ስለትህ አልያዘም። እኔ ፈትቼሃለሁ፤ ኃላፊነቱም በእኔ ነው።»

«ደግሞ ምን ያለ ከሲታ በግ ነው ለመድኃኔ ዓለም ይዞ የሚሄደው» አሉ አቶ አዝመራው፣ ከገቡ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ቆይተው። «ቀበቶህን እንኳ ጨርሰኸዋል። መጀመሪያ ወፍረህ ና።»

ስለ ቀበቶው በዚህ ቤት ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። አዛለች ዐይኗን ወደ ቀዳዶቹ አወረደች፤ ከዚያም ቀና ብላ ባሏን አየቻቸው። «ሂዱ» አለች።

አቶ ከፋለ እሺም እምቢም አላሉም። ተነስተው ደረጃውን ወረዱ። ንጋት በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ የበቅሎዋን ልጓም ከለቀቁ ወደ አዲስ አበባ መሄዳቸው ነው፣ ይዘው ወደ ዳገቱ ከዞሩ አለቀ። ልጓሙን ያዙ። ዳማ ዳገቱን ለምዳዋለችና ራሷ ልትዞር ሁለት እርምጃ ተራመደች። እሳቸው ግን ባሉበት ቆመው ሳቧት፣ አንገቷን አሻሹ፣ ልጓሙን ለደባሱ ዘረጉለት።

«ፈረንጆቹን አንተ አድርስ። መቀነቱን አታጥብቅባት፤ ትነፋፋብሃለች። ለሴትዮዋ ስኳሩን በመዳፏ ዘርግታ ትስጣት በላት፣ በጣቷ ይዛ እንዳትሰጣት።»

አዛለች ጋቢውን ይዛ ወረደችና ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው። «ያንደኛው ጫፍ አልተቋጨም» አለች። «የይታገሱ ነው፣ ግን ይልበሱት። አዲስ አበባ አሁን ይበርዳል።» ያልተቋጨውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ለበሱት።

የሆቴሉ ፒክ አፕ ከተማውን ለቆ ቁልቁል ወደ አየር ማረፊያው መንገድ ሲገባ ፀሐይ የአሸተንን ተራራ ጫፍ ነክታ ነበር። ከኋላ ባዶ የቢራ ሳጥኖች ይንኳኳሉ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ስለ ግንባሩ ዜና ሲጀምር አቶ ከፋለ «ዝጋው፣ ልጄ» አሉት፤ ዘጋው። ንጋት የአባቷን እጅ ጋቢው ሥር ታያለች፤ ጣቶቻቸው ያልተቋጨውን ክር ሁለት ሁለት እያደረጉ ይገምዱታል፣ መልሰው ይለቁታል።

«ንጋቴ።»

«አቤት።»

«ቅድም ሽማግሌዎቹ ፊት ‹ይታገሱ ደህና ነው› አልሽኝ። ከማን ሰማሽ?»

መኪናው አንድ ኩርባ ዞረ። ሾፌሩ ፊት ለፊት ያያል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ውሸት ቢዋሽ ማንም አይጎዳም ነበር፤ ደባሱ ቢሆን ሳያቅማማ ይዋሻት ነበር። እውነቱን ከነገረቻቸው ደግሞ ሰውዬው መኪናውን አስቁመው ሊመለሱ ይችላሉ። ከመጨረሻው ደብዳቤ ወዲህ አምስት ወር አልፏል።

«ከማንም አልሰማሁም» አለች። «አላውቅም፣ አባዬ።»

እጃቸው ክሩ ላይ ቆመ። መስኮቱን ዞረው ሜዳውን፣ ገና ያልታረሰውን የገብስ ማሳ፣ ከሩቅ የምትታየውን የአየር ማረፊያዋን ነጭ ጣሪያ አዩ። ንጋት ‹አቁም› እስኪሉ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

«ሐኪሙ ስንት ቀን ያስተኛኛል?» አሉ።

«ሁለት ሳምንት። ከበዛ ሦስት።»

«ቶሎ ይበል በይልኝ» አሉ፣ አሁንም ወደ መስኮቱ እንዳዩ። «ያ መርዶ የሚመጣ ከሆነ እናትሽ ብቻዋን መስማት የለባትም።»